የእትዬ ዘርፌ እልልታና እምቢ ያለው አውሮፕላን

ተረት ልንገራችሁ። የዛሬው በረት የላም ሳይሆን የአውሮፕላን ነው፤ እናንተ ብቻ «እሺ» በሉ፣ እኔ ልቀጥል።

እትዬ ዘርፌ የአሰላ ሰው ናቸው። ልጃቸው ትርሲት ሄልሲንኪ ሆና አረገዘችና ሊያርሷት ተጓዙ፤ ጭኮውን በቅቤ ለውሰው፣ በጣሳ ጠቅጥቀው። ወንድ ልጃቸው ናሁሠናይ «ለመውለጃዋ ገና ነው» ብሎ መጀመሪያ በትልቅ መርከብ የኖርዌይን ባሕር ሊያሳያቸው ይዟቸው ሄደ። ልጅ ግን ቀጠሮ አያከብርም። መርከቡ ትሮምሶ ከሚባለው የመጨረሻ ወደብ ሲደርስ ስልክ ጮኸ።

«እማዬ፣ ወለድኩ! ሴት ናት!» አለች ትርሲት። «ሴቶቹ ሁሉ ቤት መጥተው ተሰብስበዋል። እልልታውን ግን አንቺ ሳትጀምሪው ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። ዛሬውኑ ድረሽልኝ!»

ይህ እልልታ ለእትዬ ዘርፌ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ ናሁሠናይ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ተብሏል። ትርሲት ስትወለድ ግን «ለሴት ሦስት ይበቃል» ተባለና ቤቱ ወዲያው ጭጭ አለ። ያ ጭጭታ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። የልጅ ልጃቸውን እልልታማ ለሌላ አፍ አይተዉም!

በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ አየር ማረፊያ ደረሱ። ቀትር ነው፣ ሰማዩ ግን ጨልሟል፤ በዚያ አገር በብርዱ ወራት ፀሐይም ከቤቷ አትወጣም። ወደ ሄልሲንኪ የሚሄደው የዕለቱ የመጨረሻ አውሮፕላን ከመስታወቱ ማዶ ተገትሯል።

«በል ተነሥ እንጂ!» አሉት እትዬ ዘርፌ።

«አልበርም» አለ አውሮፕላኑ። «ክንፌ ላይ በረዶ ተጎልቶብኛል።»

መስታወት መሃላቸው እያለ እንዴት ተደማመጡ እንዳትሉኝ። ዕቃ አማርኛ ይሰማል፤ አስተርጓሚ የሚፈልገው ሰው ነው።

«አንተ በረዶ፣ ውረድ!» አሉ።

«አልወርድም። ሙቅ ውሃ ካልነካኝ ንቅንቅ የለም!»

በረዶው አልወርድም አለ፣ አውሮፕላኑ አልበርም አለ፣ የእትዬ ዘርፌ እልልታ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

«የኔ ሙቅ ውሃ፣ ይህን ግግር አቅልጥልኝ» አሉ በልምምጥ።

«አላቀልጥም እትዬ። እኔ እግር የለኝ፤ መኪናው ይርጨኝ እንጂ።»

ወደ መኪናው ዞሩ። ረጅም ክንድ ያለው፣ ውሃውን በሆዱ የተሸከመ መኪና ነው።

«አልረጭም» አለ መኪናው። «ያለ ሾፌር የሚሠራ መኪና የት አይተዋል?»

መኪናው አልረጭም አለ፣ ውሃው አላቀልጥም አለ፣ በረዶው አልወርድም አለ፣ አውሮፕላኑ አልበርም አለ፣ የእትዬ ዘርፌ እልልታ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

ሾፌሩ አርነ ይባላል። እዚያው አዳራሹ ውስጥ ማሞቂያው ሥር ተቀምጦ ቀኝ እጁን እፍ እፍ ይላል። ናሁሠናይ አስተረጎመ።

«አልነዳም እናቴ» አለ አርነ። «አንድ ጓንቴ ጠፋኝ። በዚህ ብርድ በባዶ እጄ ብረት ብይዝ ቆዳዬ እዚያው ይቀራል።»

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አደግድገው ጎንበስ ቀና ማለት ጀመሩ። ከአንድ ወንበር ሥር ቀይ የሱፍ ጣት ብቅ ብሎ አዩ።

«ና ውጣ፣ አንተ ጓንት!»

«አልወጣም፤ እንዴት ብዬ! ይኸው ውሻ ተኝቶብኛል» አለ ጓንቱ በታፈነ ድምፅ።

ውሻው የአንድ መንገደኛ ነው፤ ጥጃ የሚያህል፣ ጠጉሩ ጋቢ ያስንቃል። አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አልነሣም» አለ። «ርቦኛል። ከዚያ ጣሳ የሚመጣው ሽታ ደግሞ አላስተኛኝም።»

እንግዲህ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ! ውሻው አልነሣም አለ፣ ጓንቱ አልወጣም አለ፣ አርነ አልነዳም አለ፣ መኪናው አልረጭም አለ፣ ውሃው አላቀልጥም አለ፣ በረዶው አልወርድም አለ፣ አውሮፕላኑ አልበርም አለ፣ የእትዬ ዘርፌ እልልታ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

እትዬ ዘርፌ ጣሳውን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አደረጉ። አራሷ ሳትቀምሰው ማን ይቀምሰዋል? ውሻውን አዩ፣ አውሮፕላኑን አዩ። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱ።

«እማዬ፣ ለውሻ?» አለ ናሁሠናይ።

«ዝም በል! በዚህ ብርድ ባሕር ላይ ያዞርከኝ አንተ ነህ። እኔ ካልደረስኩ ጭኮው ብቻውን ያርሳታል?»

በእጃቸው ጠቅለል አድርገው አጎረሱት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙት። ውሻ በበላበት ይጮሃል አይደል? ይኼኛውም «ዉ!» ብሎ ተነሣ።

ውሻው ሲነሣ ጓንቱ ወጣ፣ ጓንቱ ሲወጣ አርነ ነዳ፣ አርነ ሲነዳ መኪናው ረጨ፣ መኪናው ሲረጭ ውሃው አቀለጠ፣ ውሃው ሲያቀልጥ በረዶው ወረደ፣ በረዶው ሲወርድ አውሮፕላኑ በረረ! እልልታው ሰማይ ላይ ሊያመልጣቸው ሲል እትዬ ዘርፌ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ሄልሲንኪ ሲደርሱ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። ገንፎው ቀርቧል፣ የነካው ግን የለም። እትዬ ዘርፌ ሕፃኗን ታቀፉ፤ ለደስታው ሆዳቸው አልበቃ ብሎ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ እልልል! እልልል! እልልል!

ከእንግዶቹ አንዲት ባልቴት «በቃ፣ ለሴት ሦስት ነው» አሉ።

«የምን በቃ? እነዚህማ ለውሻው፣ ለጓንቱና ለአርነ ናቸው» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ለመኪናው እልልል! ለውሃው እልልል! ለበረዶው፣ ወርዶልኛልና፣ እልልል! ለአውሮፕላኑ እልልል!»

«እማዬ፣ ሰባት ሆነ እኮ» አለች ትርሲት እየሳቀች።

«ሰባት ሆነ? ለልጅቷማ ገና መች ጀመርንና! በሉ ሴቶች፣ አሁን የእሷን ሰባት። ስንጨርስ ደግሞ» አሉና የትርሲትን ጉንጭ ዳሰሱ፣ «ያንቺ አራቱ ቀርቶብሻል፤ እሱን እንላለን።»

ትርሲት ሳቋን አቁማ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቤቱም በእልልታ ተናጋ።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን በዳቦ አይሆንም፤ ውሻው ካስተረፈው ጭኮ አብሱልኝ።