የዘርጋው ጺምና የሚያፏጨው ማስክ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን ከከፈታችሁ ተውት፤ የዛሬው ተረት በረት የለውም። ያለው አንድ አልጋ ነው። አልጋው ላይ ዘርጋው የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ይገላበጣል። ቤት አላማረው፣ ንብረት አላማረው፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያማረው።

ዘርጋው ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆም ሰው ነው። ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን ይላል። ቀን ደግሞ መሪ እንደያዘ ያንጎላጃል። ታላቅ ወንድሙ ማንደፍሮም እንዲሁ ያደርገው ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን ማንደፍሮ ጸጥ አለና በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ የዘርጋው ሚስት ደብሪቱ ባሏን እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙም ሌሊቱን ሙሉ በማስክ በኩል አየር የሚነፋ ማሽን ሰጠውና፣ «በዚህ ማሽን ሳምንት ሙሉ ሳይተኙ መሪ እንዳይነኩ» አለው።

ዘርጋው ማስኩን አጠለቀና ጋደም አለ። «እንቅልፍ፣ ና እንጂ።»

«አልመጣም» አለ እንቅልፍ። «ማስኩ እያፏጨ ምን ልሁን ብዬ ልምጣ?»

እውነቱን ነው። አየሩ በጉንጩ በኩል ሾልኮ ፍሽሽ ይላል፤ ዓይኑ ውስጥ እየገባም ያስለቅሰዋል። ዘርጋው ወደ ማስኩ ዞረ። «ማስክ፣ ዝም በል።»

«ዝም አልልም» አለ ማስክ። «ማሰሪያው ካላጠበቀኝ ምን ላድርግ?»

እንቅልፍ አልመጣም አለ፣ ማስክ ዝም አልልም አለ፤ ዘርጋውም ዓይኑ እንደፈጠጠ ነጋ።

ዘርጋው ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነት ያሰረ ሰው ነው። ለእሱ የላላ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ማጥበቅ ነው። በማግስቱ ማታ ማሰሪያውን እንደ በርበሬ ጆንያ ገመድ ጠፍሮ አሰረው። እኩለ ሌሊት ሳይሆን የአፍንጫው አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ተልጦ ቀላ፤ ማስኩም ማፏጨቱን አልተወም። «ማሰሪያ፣ ጨምረህ ጥበቅ» አለው።

«አልጠብቅም» አለ ማሰሪያ። «አፍንጫህ መቼ ቻለኝ?»

«አፍንጫዬ፣ ቻል አድርገው።»

«አልችልም» አለ አፍንጫ። «የማስኩ ጎማ ሥራውን ትቶ ሸክሙ ሁሉ በእኔ ላይ ነው።»

እንቅልፍ አልመጣም አለ፣ ማስክ ዝም አልልም አለ፣ ማሰሪያ አልጠብቅም አለ፣ አፍንጫ አልችልም አለ። ቢያጠብቀው ያቆስለዋል፣ ቢያላላው ያፏጭበታል። ዘርጋው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ቁጭ ብሎ፣ ነጋ።

ጎማው የማስኩ ዙሪያ ላይ ያለው ለስላሳ ነገር ነው። ዘርጋው በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ጎማ፣ ተደላድለህ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም» አለ ጎማ። «እኔ የተሠራሁት ቆዳ ላይ ልቀመጥ ነው፤ አንተ ጺም ላይ ታስቀምጠኛለህ።»

የማሽኑን አጠቃቀም ያሳየችው ነርስም ይህንኑ ተናግራ ነበር። «ማጥበቁ አይደለም፣ ጺሙ ነው» ብላ ነበር። ዘርጋው ግን ሐዘንተኛ ነው። ጺሙ የማንደፍሮ ጺም ነው፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ምላጭ አልነካውም። «ጺሜ፣ ብትነሣልኝስ?» አለ አፍሮ።

«አልነሣም» አለ ጺም። «የቤታችሁን ወግ ታውቃለህ፤ ታላቅ በእጁ ካላነሣኝ አልነሣም።»

የቤቱ ታላቅ እትዬ ጌጤነሽ ናት፤ ያለችውም ቆላ ነው። ደወለላት። ስለ ማሽኑ ግን ትንፍሽ አላለም፤ አንዱን ቀብራ በሌላው ሆዷ እንዳይባባ ብሎ ደበቃት። «እትዬ፣ ጺሙ አስቸገረኝ፤ ብላጨውስ?» አላት እንዲሁ።

«ዘርጋዬ፣ የወንድሜን ሐዘን በስልክ አላነሣም» አለች። «በእጄ ነው። አውቶቡስህ ይውሰደኝና መጥቼ አነሣልሃለሁ።»

ዘርጋው ጓሮ ወደቆመው አውቶቡስ ሄደ። ወደ ቆላ የሚወርደው ይህ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ መንገዱ ገደል ስለሆነ ከዘርጋው በቀር ሌላ ሾፌር አይደፍረውም። «አውቶቡስ፣ እትዬን አምጣልኝ።»

«አልንቀሳቀስም» አለ አውቶቡስ። «ሾፌሬ ሳይተኛ ገደል ልግባልህ?»

በሉ እንግዲህ ቁጠሩልኝ። እንቅልፍ አልመጣም አለ፣ ማስክ ዝም አልልም አለ፣ ማሰሪያ አልጠብቅም አለ፣ አፍንጫ አልችልም አለ፣ ጎማ አልቀመጥም አለ፣ ጺም አልነሣም አለ፣ እትዬ ጌጤነሽ አላነሣም አለች፣ አውቶቡስ ሾፌሬ ካልተኛ አልንቀሳቀስም አለ፤ ሾፌሩ ደግሞ እንዳይተኛ እንቅልፍ አልመጣም አለ። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ዘርጋው ያን ቀን ማስኩን ወረወረውና፣ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አንቀላፋ።

ደብሪቱ የምታደርገውን አጣች። እንዳትቀሰቅሰው እንቅልፍ አጥቶ ሰውነቱ አልቋል፤ እንዳትተወው ፈራች። ስልኩን አንሥታ ደወለች። «እትዬ፣ ይህን ይስሙልኝ» ብላ ስልኩን አፉ አጠገብ ያዘችው።

ዘርጋው አንኮራፋ። አንኮራፋ። ከዚያ ጸጥ አለ።

እትዬ ጌጤነሽ ያንን ጸጥታ ታውቀዋለች። ከማንደፍሮ ጋር ባንድ ቤት አድጋለች፤ ልጅ ሳለች ትንፋሹ እስኪመለስ ጣቷን ታጥፍ ነበር። አሁንም አጠፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛው ጣት ላይ ስትደርስ ማጠፏን ተወች።

«ቀስቅሺው» አለች። «ደብሪቱ፣ ቀስቅሺው።»

ቀሰቀሰችውና ሁሉንም ነገረቻት፤ ማሽኑንም፣ ማስኩንም፣ ጺሙንም።

እትዬ ጌጤነሽ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ፣ «ለሟች ያሳደገው ጺም ያለውን አይገድልብኝም» አለች። «አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል። ዛሬ ያንቺ እጅ የእኔ እጅ ነው። ላጪው።»

ደብሪቱ ውሃ አሞቀች፣ ምላጭ አመጣች። ጺሙ ሲወርድ ዘርጋው አለቀሰ፤ ማንደፍሮን ሁለተኛ የቀበረው መሰለው። ደብሪቱም አልከለከለችውም፤ እንባውን ከሳሙናው ጋር ጠረገችለት። ከዚያ ማስኩን አጠለቀችለት። እሱ እንደለመደው ማሰሪያውን ሊስብ ሲል እጁን መታ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ፣ በርበሬ አይደለም። ተወው ይላላ።»

ጺም ተነሣና ጎማ ተቀመጠ። ጎማ ተቀመጠና አፍንጫ ቻለ። አፍንጫ ቻለና ማሰሪያ፣ ሳይጠብቅ፣ እንደላላ ያዘ። ማሰሪያ ያዘና ማስክ ዝም አለ። ማስክ ዝም አለና እንቅልፍ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ሳምንት ሙሉ እየገባ አደረ። በሳምንቱ ሾፌር ተኛ ተባለና አውቶቡስ ተነሣ፤ ገደሉን ወርዶ እትዬ ጌጤነሽን ይዞ መጣ። እሷም እንደ ወጉ እጇን የዘርጋው አገጭ ላይ አድርጋ፣ «አንሥቻለሁ» አለች።

ማታ ግን ደብሪቱ ያነጠፈችላት መደብ ላይ አልወጣችም። ከወንድሟ ራስጌ ቁጭ ብላ ጣቷን ለማጠፍ አዘጋጀች። ትንፋሹ ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ። ጣት የምታጥፍበት ጸጥታ አጣች። እንደዚያው ተቀምጣ እሷንም ሸለብ አደረጋት።

በሉ ተረቴን መልሱ። ቀስ ብላችሁ ግን፤ ሰው ተኝቷል።