በጓንጉል አልጋ ላይ የተኛው ምስል

በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ ማዶ ባለ አገር፣ አንድ ሰው ሳይሞት ተለቀሰለት። ለቅሶው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ሞተች። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ሰውየው ባላምባራስ ጓንጉል ይባላል፤ ሚስቱ ትርንጎ። ሁለት የቅርብ አሽከሮች ነበሩት፤ ቸኮልና ፈንቴ።

ቸኮል በዚያው ቤት ነው ያደገው። አባቱ ከጓንጉል አባት ጋር ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቱን አያስታውስም። ከበቅሎዎቹ ጋር ጋጥ ውስጥ ተኛ፤ ከማዕድ የተመለሰውን በላ። አንዴ ዋሽቶ ተገርፏል፤ ጠባሳው ጀርባው ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲህ አይዋሽም። ጉልበቱ ሲጠና የጓንጉልን ጋሻ ተሸከመ። ሃያ ዓመት ተሸከመው። በዚያ ቤት «ቸኮል፣ በልተሃል?» ብላ የጠየቀችው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ፈንቴ ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። አንደበቱ ለስላሳ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር። የቀድሞው እልፍኝ አስከልካይ ሲሞት፣ ወደ ጌታው ማን እንደሚገባ ማን ደጅ እንደሚቆም የሚወስነው ሹመት ለቸኮል እንደሚሆን ሁሉም ጠበቀ። ጓንጉል ግን ለፈንቴ ሰጠው።

«ጌታዬ፣ እኔስ?» አለ ቸኮል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ።

ጓንጉል ሳቀ። «አንተማ የቤት ልጅ ነህ። ለቤት ልጅ ደግሞ ሹመት ምን ያደርግለታል?»

ቸኮል እጅ ነስቶ ወጣ። ከወር በኋላ፣ የጌታውን ጋሻ በቅቤ እያሸ፣ እንዲህ አለ፦

«እመቤቴ ሲስቁ እንዴት ደስ ይላል።»

«መቼ ሳቀች?»

«ኧረ እንዲያው ነው ጌታዬ። እልፍኝ በር ላይ ከፈንቴ ጋር ሲጫወቱ ሰምቼ ነው። እርስዎ ዘንድ አይስቁም እንዴ?»

ውሸት አልነበረበትም። ፈንቴ የአንድ ወፍራም ቄስ አረማመድ አስመስሎ አሳይቷት ስቃለች። ቸኮል ቄሱን አላነሳም።

ጓንጉል እህል እምቢ አለው። አንድ ቀን ቸኮልን ጠርቶ፣ «አንተ፣ ሰው በሆዱ የያዘው በምን ይታወቃል?» አለው።

«እኔ አሽከር ነኝ፤ ምን አውቃለሁ? ብቻ በጎረቤታችን በቀኛዝማች ለቅሶ ሚስታቸውን አየኋቸው። እንባ የለ፣ ምን የለ። አገር ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያወቀባቸው። ቀኛዝማች ብቻ ሳያዩት ቀሩ።»

«ቢያይ ኖሮስ?» አለ ጓንጉል። ቸኮል ጋሻውን ገልብጦ ማሸቱን ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን ጓንጉል ለአደን ብሎ፣ ቸኮልን ብቻ አስከትሎ፣ ቆላ ወረደ። በአምስተኛው ቀን ካባውንና ሰይፉን አውልቆ ሰጠው።

«ኮርቻውን ወደ ኋላ አዙረህ ግባ።»

«ምን ልበል ጌታዬ?»

«ምንም አትበል።»

በዚያ አገር ኮርቻዋ ዞሮ የምትገባ በቅሎ የምታረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቸኮል በእኩለ ቀን ገባ። ትርንጎ ወጥታ ኮርቻውን አየች፤ እሱንም አየችው።

«ቸኮል፣ ንገረኝ።»

አፉን ቢከፍት እውነቱ እንደሚያመልጠው ታወቀው። አልከፈተም። ኡኡታው ከግቢው አልፎ ማዶ ተሰማ።

አስከሬን ባልተገኘ ጊዜ በዚያ አገር ምስል ይሠራል። በገለባ ጠቅጥቀው ካባውን አለበሱት፣ ሰይፉን አስታጠቁት፣ ፊቱን በነጭ ሻሽ ሸፍነው ዳስ ውስጥ ባልጋ አስተኙት። ነፋስ በገባ ቁጥር ገለባው ይንኮሻኮሻል፤ የሚተነፍስ ይመስላል። ለቀስተኛው ዓይኑን ከምስሉ ደረት ላይ መንቀል አልቻለም።

ጓንጉል ራሱን በቡትቶ ተከናንቦ ዳሱ ደጅ ከተሰበሰቡት ለማኞች መካከል ተቀምጧል። ምግብ የሚያድለው ቸኮል ነበር። ከማዕድ የተመለሰ ቁራሽ በጌታው እጅ ላይ ሲያኖር፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሆኖ አየው።

በመጀመሪያው ቀን ትርንጎ ፊቷን እስኪደማ ነጨች። ፈንቴም ልብሱን ቀዶ አለቀሰ። ጓንጉል ይህን አይቶ ሊነሳ ነበር። «ነገንስ ሳያዩ?» አለው ቸኮል፣ ውሃ እያቀበለው። ጓንጉል ተመልሶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ፈንቴ በለማኞቹ በኩል ሲያልፍ አንድ እግር አየ፤ አውራ ጣቱ ጥፍር የሌለው ግራ እግር። ያንን እግር ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አጥቦታል። ጌታዬ ራሱን ከደበቀ የሚፈልገው ነገር አለ፣ እኔ ማን ነኝ የምገልጠው፣ ብሎ አሰበ። ወደ ትርንጎ ሄዶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እመቤቴ፣ በቃዎት፤ አያልቅሱ።»

«ምን አውቀህ ነው?»

«አልነግርዎትም። ብቻ ይመኑኝ።»

ትርንጎ ማልቀሷን አቆመች። ዓይኗን ምስሉ ላይ ተክላ ቀረች። ፈንቴም ከዚያ በኋላ እንባ አልመጣለት አለ። ጓንጉል ከሩቅ ያየው ይህን ነው፤ ከንፈር ወደ ጆሮ ሲጠጋ፣ ከዚያም ሁለት ደረቅ ፊት። ቸኮልም አየ። ይህንን እሱ አላዘጋጀውም።

በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ጓንጉል ዳሱ ውስጥ ገባ። ምስሉን ገፎ ገለባውን ካልጋው ስር ከተተ፤ ካባውን ለበሰ፣ ሻሹን ፊቱ ላይ ጣለ፣ ተጋደመ። ቸኮል ከጋጡ በር ሆኖ ሲገባ አይቶታል። በየማለዳው ከሰው ሁሉ ቀድማ ወደ ዳሱ የምትመጣው ማን እንደሆነችም ያውቃል። አንድ ጊዜ «እመቤቴ!» ብሎ መጣራት ይበቃ ነበር። የበቅሎዋን ጀርባ ማሸቱን ቀጠለ።

ትርንጎ መጣች። በቅሎዋ ከገባች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ካልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ወደ ምስሉ ደረት አስጠጋች። ቀና ብላ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ቃሉ ሳይወጣ ምስሉ እጇን ለቀም አደረገ።

«እንባሽን ማን ከለከለሽ?» አለ ምስሉ።

አልጮኸችም። በጎኗ ወደቀች። ቸኮል ሲደርስ ጓንጉል እጇን እንደያዘ ስሟን ይጠራ ነበር። ልትናገር የነበረውን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ወንድሟ ገሰሰ አማቹን ሊያለቅስ መጥቶ እህቱን ቀበረ። በዚያ አገር ደም የሚፈልግ ሰው ፍርድ እስኪገኝ ድረስ ከተከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛል፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። ገሰሰ አንዱን ጫፍ በእጁ አስሮ ሌላውን ለፍርድ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ዘረጋ።

«እጇን ያዝኩ እንጂ አልመታኋት፤» አለ ጓንጉል። «እንድጠረጥራት ያደረገኝ ቸኮል ነው።»

«አንድ ቃል አልዋሸሁም፤» አለ ቸኮል። «ኮርቻውን አዙር ያሉኝ ጌታዬ ናቸው። የእመቤቴን እንባ ያደረቀው ፈንቴ ነው።»

«እመቤቴን ልታደግ ብዬ ነው፤» አለ ፈንቴ። «ያወቅሁትን ብናገር ጌታዬን አዋርዳለሁ፣ ዝም ብል እሳቸው በሐዘን ይሞታሉ። በመሃል ቀረሁ።»

«ሦስታችሁም አሁን አፍ አውጥታችሁ የለም?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ያን ሰሞን የት አስቀምጣችሁት ነበር?»

አንዱ ሽማግሌ የገደላት የያዛት እጅ ነው አሉ፤ ሌላው እያየ ያልተጣራ አፍ ነው አሉ፤ ሦስተኛው እያወቀ ያልነገራት ነው አሉ። ሳይስማሙ ተነሱ። ገሰሰ ሰንሰለቱን እንደያዘ ቆሟል፤ ሰንሰለቱ የሚይዘው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ትርንጎ የለችም። የቀሩት ጓንጉል፣ ቸኮልና ፈንቴ ናቸው። እናንተ ብትሆኑ የማንን እጅ ትሰጡታላችሁ?