የውብዳርን ለመጥራት

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሬ የአንዲት እናት ነገር ነው። የፈለገችው ትንሽ ነበር፤ መንገዱ ግን ረዘመባት።

ገነት ሜዳ በምትባል የደጋ ከተማ እታፈራሁ የምትባል ሴት ነበረች። የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ትተዳደራለች። ባሏ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ የውብዳር። የውብዳር ገና ጡት ሳትጥል ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። በከተማዋ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ እናትና ልጅ ቤታቸው ቁጭ ብለው በእጃቸው የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩ። ውሃ እንዲህ ነው፣ ዝናብ እንዲህ ነው፣ የጎረቤት ውሻ እንዲህ ነው፣ አባትሽ እንዲህ ነበር። ያን ቋንቋ የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የውብዳር ስትስቅ ጉንጯ ስርጉድ ይላል። እናቷም ስሟን የምትጠራው በዚያ ነበር፤ ጣቶቿን ሁሉ አጥፋ፣ ትንሿን ጣት ብቻ አውጥታ፣ የራሷ ጉንጭ ላይ ሽክርክር ታደርጋታለች። ልጅቷ ያን ካየች ከየትም ሆና እየሮጠች ትመጣለች።

አንድ ክረምት የእታፈራሁ ጣቶች አበጡ። መጀመሪያ ቀለበቷ አልወጣ አለ። ቀጥሎ የነጠላው ክር ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት። አንድ ቀን በጠዋት ልጇን ልትጠራ እጇን ብታነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። መዳፏ እንደተዘረጋ ጉንጯ ላይ አረፈ። በእነሱ ቋንቋ ደግሞ የተዘረጋ መዳፍ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ «ተኚ» ማለት ነው። የውብዳር ሰማዩን አየች፣ እናቷን አየች፤ ግራ እንደገባት ወደ ቤት ገብታ አልጋ ላይ ወጣችና ገና በጠዋቱ ዓይኗን ጨፈነች።

እታፈራሁ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። «ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች፣ «የልጄን ስም ልጥራ።»

ጣት ካልታጠፈ የውብዳር አትጠራም።

ተነሥታ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለመድኃኒት ቤቱ ጋሽ ዘገዬ የሰፈሯ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ጣቴን የሚያጥፍልኝ ይስጡኝ» አለቻቸው። ጋሽ ዘገዬ የተነፋ እጇን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ማስታገሻማ አለኝ፤ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያስተኛልሻል። የሚያድነውን ግን ያለ ሐኪም ወረቀት ብሰጥሽ ጉዳት ነው፣ ልጄ።» ማስታገሻውን ዋጠች። ሕመሙ ተኛ፤ ጣቶቹ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ።

ወረቀት ከሌለ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት ከሌለ ጣት አይታጠፍም፤ ጣት ካልታጠፈ የውብዳር አትጠራም።

ጤና ጣቢያ ሄደች። «ወረቀት ይጻፉልኝ» አለች። ጤና መኮንኑ እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «የበሽታውን ስም ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ? ለጊዜው ብርድ ሳይሆን አይቀርም፤ እጅሽን ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪ።» ነከረች። ሌላ ጊዜ ስትሄድ ሌላ ሰው ተረኛ ሆኖ አገኘችው። «ሪህ ነው፤ ሥጋ ቀንሺ» አላት። «ሥጋውን ከየት አምጥቼ ልቀንሰው?» አለችና ራሷም ሳቀች፤ በዚያ ዓመት የሳቀችው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወጌሻው ደግሞ «ወለምታ ነው» ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲጎትታቸው ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። ጎረቤቷ «ዓይን ነው፣ ሰው አይቶሽ ነው» አለቻት። አንድ ስም ፈልጋ ወጥታ አራት ይዛ ገባች፤ ከአራቱ አንዱም ጣቷን አላጠፈላትም።

የበሽታ ስም ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት ከሌለ ጣት አይታጠፍም፤ ጣት ካልታጠፈ የውብዳር አትጠራም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷ አደገች። መጀመሪያ መጀመሪያ የእናቷን ግማሽ ቃላት ለመገመት ትጥር ነበር። «ውሃ» ሊሆን የነበረው «ድንጋይ» ይመስላል፤ «ነይ» ሊሆን የነበረው «ሂጂ» ይመስላል። ድንጋይ ይዛ ትመጣለች፤ እናቷ ራሷን ስትነቀንቅ ድንጋዩን አስቀምጣ ትቆማለች። በኋላ እታፈራሁ እጇን ስታነሳ የውብዳር ዓይኗን መሬት ላይ መትከል ጀመረች። መስማት ለማይችል ልጅ ፊትን ማዞር ጆሮን መድፈን ነው። እናቷም «በቃ፣ ተቀየመችኝ፤ ልጄ ተወችኝ» አለች በልቧ፤ እጇንም ማንሳት ተወች። ያ ቤት ያኔ ጸጥ አለ።

ጉልበቷም ተከተለ፣ ቁርጭምጭሚቷም ተከተለ። ቢሆንም ልጇን ይዛ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ እያነከሰች የዞኑ ሆስፒታል ደረሰች። እዚያ አቤኔዘር የሚባል ወጣት ሐኪም አገኘች። ደጁ ላይ ሰልፉ እስከ አጥሩ ነው፤ ዓይኑ ከድካም ብዛት ቀልቷል። «ስሙን የሚነግረን ደምሽ ነው» አላት። «ምርመራው ግን እዚህ አይሠራም፤ ወደ ትልቁ ከተማ ተልኮ ነው የሚመጣው። ጠብቂ።» ደሟ ተቀዳ። ደሟ ተላከ። እታፈራሁ ጠበቀች።

ደም ካልታየ የበሽታ ስም የለም፤ የበሽታ ስም ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት ከሌለ ጣት አይታጠፍም፤ ጣት ካልታጠፈ የውብዳር አትጠራም።

የደሙ ውጤት መጣ። ሐኪሙ አንብቦ ፈገግ አለ። «ደስ ይበልሽ፤ ደምሽ ንጹህ ነው። ምንም አልተገኘብሽም።»

እታፈራሁ ደስ አላላትም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ አስቀመጠቻቸው። «ዶክተር፣ ምንም ከሌለብኝ እነዚህ ለምን አልታጠፍ አሉኝ?»

ሐኪሙ እጆቿን አየ፣ ውጤቱን አየ፣ አንገቱን አከከ። «የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ቢያይሽ ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ነው ያሉት፤ እነሱም ጥቂት ናቸው።»

«ታዲያ ይላኩኝ።»

«ያለ ሪፈራል አይቀበሉሽም።»

«ሪፈራሉን ይጻፉልኛ!»

«ሪፈራሉ ላይ በሽታውን መጻፍ አለብኝ። ደምሽ ደግሞ ምንም አላለም። ምን ብዬ ልላክሽ?»

እንግዲህ ተመልከቱ። የበሽታ ስም ከሌለ ሪፈራል የለም፤ ሪፈራል ከሌለ ስፔሻሊስት የለም፤ ስፔሻሊስት ከሌለ የበሽታ ስም የለም፤ የበሽታ ስም ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት ከሌለ ጣት አይታጠፍም፤ ጣት ካልታጠፈ የውብዳር አትጠራም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የተነሣበት ቦታ ተመልሶ ተቀመጠ።

እታፈራሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሣች። የበሩን እጀታ ያዘች፤ ሊዞርላት አልቻለም። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ የነበረችው የውብዳር ብድግ አለች። እናቷ በሩን ልትከፍትልኝ ነው ብላ ጠበቀቻት። ልጅቷ ግን በሩን ትታ ወደ ሐኪሙ ሄደች፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ሐኪሙ ቀና አለ። የውብዳር ራሷን አዘንብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንቅልፍ። እጇን ከታች ወደ ላይ አነሳች፤ ፀሐይ ወጣች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን እንደ ደረቅ እንጨት ገትራ የሐኪሙን እስክሪብቶ ልታነሳ ሞከረች፤ ወደቀባት። ነጠላ ልትለብስ ሞከረች፤ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ጎተተች። በተረከዟ ሁለት እርምጃ ሄዳ ግድግዳውን ያዘች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ለቅሶ የመጣበትን ሰው ፊት አሳየች፤ ቀጥሎም ያ ሰው ወደ አልጋው ዞር ብሎ ልጅ መንቃት አለመንቃቷን ሲያይ፣ እንባውን በክንዱ ሲጠርግ አሳየች። በመጨረሻ ፀሐይዋን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ በሩ አናት ድረስ አወጣቻት፤ ጣቶቿም ያኔ ትንሽ ትንሽ ላላ አሉ።

«ምን እያለች ነው?» አለ ሐኪሙ።

እታፈራሁ ወደ ልጇ ዞረች። ተወችኝ ያለቻት ልጅ፣ ፊቷን አዞረች ያለቻት ልጅ፣ አንድም ነገር አላመለጣትም ነበር። «ጠዋቴን ነው» አለች፣ «ጠዋቴን እያሳየችዎት ነው።»

ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረባት። «ጠዋት ጠዋት ነው እንዲህ የሚደርቅብሽ? ሁለቱም እጅ? ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ። እኔም ቆይቶ ቆይቶ የሰው ሁሉ ጠዋት እንዲያ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።»

ሐኪሙ የልጅቷን ትከሻ ነካ አደረገና የወደቀውን እስክሪብቶ አነሳ። «ስሙን ባላውቀውም መልኩን እጽፋለሁ» አለ። ረጅም ጻፈ።

ሪፈራል ቢጻፍ ስፔሻሊስት አየቻት። ዶክተር ሐረገወይን ትባላለች፤ መጀመሪያ ውጤት አላነበበችም፣ እጇን ነው የያዘችው። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቷ ጫን እያለች፣ «እዚህስ? እዚህስ?» እያለች ሄደች። ስፔሻሊስት ብታያት የበሽታው ስም ታወቀ። «ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል» አለቻት። «የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያሽን ይወጋል። ደም ላይ ሳይታይ የሚመጣም አለ።» እታፈራሁ ስሙን አፏ እስኪለምደው ደጋግማ አለችው። የክፉ በሽታ ስም ሰምታ እንደ ምሥራች ያለቀሰች ሴት እሷ ናት።

ዶክተሯ ግን አልጨረሰችም ነበር። «ግራሽን እናድነዋለን። የቀኝሽ ጣቶች ግን ጠምመዋል፤ የጠመመው አይቃናም። ምናለ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን…»

«ቀደም ብዬማ ተነሥቼ ነበር» አለች እታፈራሁ።

ስሙ ቢታወቅ ወረቀት ተጻፈ፤ ወረቀት ቢጻፍ መድኃኒት ተገኘ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ አፍ ያመርራል፣ ሆድ ያገላብጣል፣ ቶሎም አይሠራም። እታፈራሁ ዋጠችው፤ ታገሠችው። ክረምቱ ወጥቶ ጤፉ ሲታጨድ መድኃኒቱ ጣቱን አላላው፤ በአንድ ጠዋት የግራ እጇ ጣቶች ታጠፉ። ቀኟ ቀሚሷ ላይ እንደተጣመመ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ወደ በሩ ወጣች። የውብዳር ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ለዶሮዎቹ ጥሬ ትበትናለች። እናቷ እስክትዞር ጠበቀቻት። ስትዞር ግራ እጇን አነሳች፤ ትንሿን ጣት አወጣች፤ ግራ ጉንጯ ላይ ሽክርክር አደረገቻት።

የውብዳር ቆመች። ብዙ ቆመች። እንደ ድሮው አልሮጠችም፤ አድጋለች። ቀስ ብላ መጣችና የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ቀኙንም እጅ አንስታ አየችው፤ መልሳ በዝግታ አስቀመጠችው። ከዚያ በእጇ «ምን?» አለቻት።

እታፈራሁ በእነዚያ ጸጥ ባሉ ዓመታት ስንት ነገር አጠራቅማ ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

«ምንም» አለች በግራዋ። «ልጠራሽ ብዬ ነው።»

የውብዳር አሰበች። ጥሬውን አስቀመጠችና ቀድሞ ወደ ቆመችበት ቦታ ተመልሳ ሄደች። እዚያ ሆና ፊቷን ወደ እናቷ እጅ አድርጋ ጠበቀች።

እናቷም እንደገና ጠራቻት።