የማዶው ብር

ከወንዙ ማዶ ያለው አገር በንግድ እየበረታ ሲመጣ ብሩም ድንበር ተሻግሮ ገበያውን ሞላው። ይህ ያንገበገባቸው ደጃዝማች ወንድይራድ መልካቸው ያለበት ብር አሠርተው፣ እሱን አልቀበልም ያለ እንዲገረፍ አወጁ። በገበያውም ዙሪያ ወታደር አቆሙ።

አንዲት በርበሬ ሻጭ የእሳቸውን ብር አልቀበልም ብላ በማዶው ስትሸጥ ተይዛ ፊታቸው ቀረበች።

«እስቲ ንገሪኝ» አሏት፣ ጅራፍ የያዘውን አሽከር በዓይናቸው እየጠቀሱ፤ «ከእኔ ብርና ከማዶው የትኛው ይከበራል?»

ሴትዮዋ ግን ምላሷ አልከዳትም።

«ምን ጥያቄ አለው ጌታዬ! የማዶውማ ተራ ነገር ነው፤ ብቻውን ከአገር አገር ይዞራል። የእርስዎ ግን እንደ ትልቅ ሰው ያለ ወታደር ገበያ አይወጣም።»

አሽከሩ ሳቁ አመለጠው። ደጃዝማቹ ግን ስድብ ነው እንዳይሉ ሙገሳ ሆነባቸውና «ሂጂልኝ!» ብለው ሸኟት።