ቢያድግልኝና መረብ ቀዳጇ ኤሊ

ኑ፣ ቀረብ በሉ፣ ተረት አለኝ። ሰሚ ካለ አፌን ልክፈት፤ ሰሚ ከሌለ ልተኛ። «አለን!» ካላችሁማ እንግዲያ ስሙ።

ድሮ ነው፤ ኤሊ ከሰው፣ ታንኳም ከባለቤቷ ጋር በሚነጋገሩበት ዘመን። በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ቢያድግልኝ የሚባል አሳ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። የደንገል ታንኳ ነበረችው፤ መረብም ነበረው። ታንኳዋ ለፍላፊ ናት፤ መረቡ ግን ካልጠየቁት የማይናገር ቁጥብ ነው።

ጎረቤቱ አባባ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ለቢያድግልኝ መረብ መቋጠር ያስተማሩት፣ ሲያገባም ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው።

አንድ ክረምት የቢያድግልኝ መረብ ይቀደድ ጀመር። ማታ ይጥለዋል፤ ጠዋት ሲያነሳው መሀሉ ተበጥሷል፣ አሳው የለም። አንድ ቀን ሆነ፤ ዝም አለ። ሁለተኛ ቀን ሆነ፤ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ዙሪያውን ቢያይ የአባባ ይርዳው ታንኳ ከመረቡ አጠገብ ቆማለች፤ የእሳቸው መረብ ደግሞ ደህና ነው። ደሙ ፈላ።

የተበጠሰውን መረብ ትከሻው ላይ ጥሎ በቀጥታ ወደ ሾላው ሥር ሄደ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ አገር ምድሩ ወጣ።

«መረቤን እየቆረጠ አሳዬን የሚወስደው ይርዳው ነው!» አለ። አንቱታውን እንኳ ተወው።

«እኔ አልነካሁም» አሉ አባባ ይርዳው።

«በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ልጄ፣ አልነካሁም።»

«ሌባ!»

«አልነካሁም» አሉ ለሦስተኛ ጊዜ፤ ድምፃቸው ግን አነሰ።

የዚያ መንደር ሕግ መረብ የሰረቀ ሰው ከሐይቁ ዳር ይባረራል የሚል ነበር፤ ሽማግሌዎቹም በዚያው ፈረዱባቸው። አባባ ይርዳው ድስታቸውንና ቁርበታቸውን ታንኳቸው ላይ ጭነው፣ አሳ ወደማይበዛበት ወደ ማዶው ረግረግ ቀዘፉ። ማንም አልሸኛቸውም።

በማግስቱ ቢያድግልኝ መረቡን ሊያነሳ ሄደ። መረቡ ከበደው። ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ። ምን ብትወጣ ጥሩ ነው? እንደ ሰፌድ የሰፋች ኤሊ! እግሯ በክር ተጠላልፏል፤ ከአፏ የቆሮሶ አሳ ጭራ ተንጠልጥሏል።

ቢያድግልኝ ክው አለ።

«የቀደደችህ እሷ ናት?» ብሎ መረቡን ጠየቀው።

«እሷ ናት» አለ መረቡ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ቢላዋ የቆረጠው ክር ጫፉ ቀጥ ይላል። የእኔን እየው፤ ተላልጦ፣ ተፍተልትሎ ነው ያለው። እዚያ ሾላ ሥር ትከሻህ ላይ ነበርኩ፤ አንዴ እንኳ ዞር ብለህ አላየኸኝም።»

ቢያድግልኝ መቅዘፊያውን አንስቶ ኤሊዋን ሊፈጠፍጣት ቃጣ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ኤሊዋ። «ግደለኝ፤ ግን ገድለህ የት ታደርገኛለህ? መንደር ብትወስደኝ ‹መረብ ቀዳጇ ይቺ ናት ወይ?› ይሉሃል። ‹ታዲያ ሽማግሌውን ለምን አባረርናቸው?› ይሉሃል። ያን ጊዜ ፊትህን የት ትደብቀዋለህ? ይልቅ ፍታኝ። እኔም አልናገር፣ አንተም አትናገር።»

መቅዘፊያው ቀስ እያለ ወረደ።

«ኧረ ተው ቢያድግልኝ!» አለች ታንኳዋ። «ከሄዱ ገና አንድ ቀናቸው ነው። አሁን ወደ ማዶ ብንቀዝፍ ለምሳ ቤታቸው ይገባሉ!»

«ዝም በይ!» አላትና ኤሊዋን ፈታት። ሐይቁ ዝም፣ ደንገሉ ዝም፣ ቢያድግልኝም ዝም።

የተበጠሰውን እዚያው ቋጥሮ ቤቱ ሲገባ እናኑ ሙሉውን መረብ አይታ ደስ አላት።

«አየህ! ሌባው ሲሄድ መረባችን ዳነ» አለች።

«አዎ» አለ። ፊቱን አዙሮም መረቡን ሰቀለ።

ሳምንት ሞላ። ኤሊዋ ከታንኳዋ ጎን ብቅ አለች።

«ቢያድግልኝ ሆይ፣ ዝም ማለት እንዴት ያስርባል መሰለህ። አንድ አሳ ወርውርልኝ።»

አንድ ወረወረላት። በሳምንቱ መጥታ «ሦስት» አለች። ሦስት ወረወረላት። በማዶ ከአባባ ይርዳው ጎጆ ቀጭን ጭስ ይታያል። ወደዚያ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ መቅዘፍ ለመደ።

«ዛሬም እኮ አልመሸም» አለች ታንኳዋ። «እንሂድ፣ እንንገራቸው።»

«አሁንማ ‹እስከዛሬ የት ነበርክ?› ይሉኛል» አላት። ሐይቁ ዝም፣ ደንገሉ ዝም፣ ቢያድግልኝም ዝም።

በዚያው ሰሞን እናኑ ከገበያ መጣችና እንዲህ አለችው።

«ሽማግሌውን አየኋቸው። ጣት የምታክል አሳ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ‹ከሌባ አሳ አንገዛም› እያለ ሰው ሁሉ ያልፋቸዋል። እኔንም ‹እናንዬ› ብለው ጠሩኝ።»

«አንቺስ?»

«እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ግን ከስተዋል ቢያድግልኝ። ልብሳቸው አልያዛቸውም።»

የጎረሰው እህል አፉ ውስጥ ቀረ። «ጠግቤያለሁ» ብሎ ወጣና ከቤቱ ጀርባ ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ።

በአራተኛው ሳምንት ኤሊዋ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«ከእንግዲህ ከምታጠምደው ግማሹ የእኔ ነው።»

«ኧረ ባክሽ! ሚስቴን ምን ላብላት?»

«የምታበላትንማ አታጣም፤ ውሸት ስታበላት አይደል የከረምከው?»

ይቺ ነገር ዘልቃ ገባችው። ተስፈንጥሮ አንገቷን ሊያንቅ እጁን ሰደደ። ኤሊዋ ቀደመችው። ቀጨም! ሌባ ጣቱን በመንጋጋዋ ያዘች።

ጮኸ። ቢያራግፋት አልላቀቅ አለች። በመቅዘፊያው ቢደበድባት ድንጋይ የመሰለው ጀርባዋ ጓ ጓ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ደሙ ታንኳዋ ላይ ተንጠባጠበ።

«በአንድ እጅ አትቀዝፍም፤ ነፋሱ ይውሰደን» አለች ታንኳዋ። «ግን ነፋሱ ወደ ዳር ነው። ዳር ላይ ደግሞ ሰው አለ።»

«አውቃለሁ» አለ ቢያድግልኝ።

ቀኑ የገበያ ነበር። ኤሊ ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲወርድ ሰው ግር ብሎ ከበበው። እናኑ እየሮጠች መጣች። ሽማግሌዎቹም መጡ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

ቢያድግልኝ ፊታቸውን አየ። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን፣ አድማጮቼ፣ እፍረት ክፉ ነው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ግማሹን አስዋጠው።

«መረቤን ስትቀድ የነበረችው ይቺ ናት» አለ። «አባባ ይርዳው አልሰረቁኝም። እኔም አላወቅሁም ነበር። ገና ዛሬ ነው ያየኋት።»

ኤሊዋ ይሄን ስትሰማ አላስቻላትም።

«ዛሬ?» ብላ ጮኸች። «ውሸታም! ወር ሙሉ በእጁ ሲያበላኝ የከረመው ማን ሆነና!»

ለመናገር አፍ መክፈት ግድ ነውና ጣቱ ተለቀቀ። ኤሊዋም ያደረገችው ሲገባት እየተንከባለለች ውሃው ውስጥ ገባች።

ሰው ሁሉ ቢያድግልኝን አየው። የሰደበው የለም፤ ቢሰድቡት በወደደ። እናኑ ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና ጣቱን አሰረችለት። ስታስር አንዴም ፊቱን አላየችም። ቋጥራ ስትጨርስ ብቻ፣

«እኔ እኮ ‹እናንዬ› ሲሉኝ ነው ያለፍኳቸው» አለች።

ቢያድግልኝ መሬቱን እያየ ከዳር ትልቅ ድንጋይ አነሳ። በታሰረው እጁም በደህናውም ይዞ ታንኳዋ ላይ ጫነው። ወደ ማዶ ሲቀዝፍ ታንኳዋ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ከጎጆው ደጃፍ ሲደርስ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። አባባ ይርዳው የራሳቸውን መረብ እየጠገኑ ነበር።

«አባባ፣ ኤሊ ነበረች» አለ። «ይማሩኝ።»

ሽማግሌው መረባቸውን አስቀመጡ። «መቼ አወቅህ?»

«እርስዎ በሄዱ ማግስት።»

አባባ ይርዳው ወደ ሐይቁ ተመለከቱ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ወር ሙሉ ምክንያት ስፈልግልህ ነው የከረምኩት። ሲርበኝም ሲበርደኝም ‹ልጁ አላወቀም፤ ቢያውቅማ ሐይቁን በዋና አቋርጦ ይመጣ ነበር› እላለሁ። በዚህ በዚህ ነው ቂም ሳልይዝብህ የቆየሁት።»

ቢያድግልኝ ድንጋዩ ከበደው። ያለቀሰው ግን ድንጋዩ ከብዶት አይደለም።

«ይቅር ብዬሃለሁ። አውርደው» አሉ። «ግን ቶሎ እንደማልረሳው እወቅ። ልርሳው ብልም አልችልም።»

የአባባ ይርዳው ታንኳ በረግረጉ በስብሳ ነበር። ስለዚህ በራሱ ታንኳ ጫናቸው። ዳር ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጉልበታቸውን ሳሙ፤ እናኑ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤታቸው አስገባቻቸው። ቢያድግልኝ ታንኳዋን እንደያዘ ውሃው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ና የሚለው አልነበረም፤ እሱም ልምጣ አላለም።

ጣቱ በወሩ ዳነ። በገበያ መሀል ቀና ብሎ ለመሄድ ግን ሁለት ክረምት ፈጀበት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥፋትን በሠሩበት ቀን ቢናገሩት የሚያሳፍረው አንድ ጊዜ ነው፤ የደበቁት ግን በየቀኑ እየቀለቡ ያሳድጉታል። እኔ ይህን ከሐይቁ ዳር ይዤ መጣሁ፤ እናንተ ደግሞ ይዛችሁት ወደ ቤታችሁ ግቡ።