የተባረረው ሰው ቆዳ

አንድ ባለጎተራ ነበረ። ቆይ ይሁኔ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህ ገብቶኛል። «ጋሽ ደርቤ፣ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባው የይለፍ ቶከን በየሩብ ሰዓቱ ጊዜው እያለፈ የክሊኒኩ ሠራተኞች ተማረሩ። ቶከኑ ላይ ያለው ፊርማችን እንደሆነ አይጭበረበርም፤ ታዲያ ለምን ዓመት አንሰጠውም?» ነው ያልከው። በል ስማኝ።

ይህ ሰው በየኮረብታው ሥር ጎተራ ነበረው። ጎተራው ውስጥ ያለው ግን የራሱ እህል ብቻ አልነበረም። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ለከርሞ የሚዘራውን ዘር እሱ ዘንድ ያስቀምጣል። አምነውት ነው፣ ሌላ ምክንያት የላቸውም።

ቋሚ ጠባቂ አልቀጠረም። ቆጣቢ ነዋ! ሥራ ሲመጣ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ የተጠራው በሩ ላይ ቆሞ ያስተናግድና ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ የሚመጣው ሌላ ነው። የዛሬው የትናንቱን አያውቀውም፤ የላይኛው ጎተራ በረኛ የታችኛውን አይቶት አያውቅም። ታዲያ የሚገባው ሰው በምን ይለይ? ባለጎተራው ዘዴ አበጀ። ለሚያምናቸው ሰዎች ቁራጭ ቆዳ ሰጠ፤ ቆዳው ላይ የያዡ ስም ተጽፎ፣ ከሥሩ የባለጎተራው ምልክት በጋለ ብረት ተተኩሶበታል። ብረቱን ከጎኑ አይለየውም። በረኞቹን «ፊት አትዩ፣ ምልክቱን እዩ። የእኔ ከሆነ ክፈቱ፤ እየመጣችሁ አትጠይቁኝ» አላቸው።

ዘዴው ሸጋ ነበር፣ አልዋሽህም። አስመስሎ ተኩሶ የመጣ ቀጣፊ ሁሉ እዚያው በሩ ላይ ይያዝ ነበር።

ከሚያምናቸው አንዱ ግን ከዘሩ ሲሰርቅ ተገኘ። ባለጎተራው በሰው ፊት አዋርዶ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ! ቆዳውንም አምጣ» አለው። ሰውየው «ጠፍቶብኛል» አለና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ባለጎተራውም ነገሩን ናቀው። ለበረኞቹ ይንገራቸዋ እንዳትለኝ፤ የነገዎቹ በረኞች ገና አልተጠሩም።

በገበያ ቀን፣ አገሩ ጭር ሲል፣ ያ ሰው አህያ እየነዳ መጣ። ቆዳውን አሳየ። በረኛው ምልክቱን አየ፣ ዳበሰው፤ እውነተኛ ነው። ከፈተለት። አንዱን ጎተራ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሄደ፣ እዚያም ከፈቱለት። ኧረ ጭነቱን ሳይቀር አገዙት! ጉድ እኮ ነው!

ባለጎተራው ከገበያ ሲመለስ አንገቱን አስግጎ ወደ ጎተራው ውስጥ አየ። ባዶ! ክው አለ። በረኛውን አንቆ «ማን ክፈት አለህ?» ብሎ ጮኸ።

«እርስዎ ነዎታ ጌታዬ!» አለ በረኛው። «ምልክቱ የእርስዎ ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

ባለጎተራው እጁን ከበረኛው አንገት ላይ አነሳ። ዝናቡ ሲጥል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን አሳርሳ፣ ጆንያዋን ይዛ ዘሯን ልትወስድ መጣች። «ሌባ ወሰደው» አላት። «ማን ከፈተለት?» አለችው። መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔ» አለ። ሴትዮዋ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ተመለሰች። በዚያ ዓመት ማሳዋ ጦሙን አደረ።

አየህ ይሁኔ፣ በረኞቹ የእኛ ሲስተም ናቸው። ቋሚ ሰርቨር የለንም፤ ኮዱ ሲጠራ ይነሳል፣ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል፣ ማንንም አያስታውስም። ቆዳው ቶከኑ ነው፤ የጋለው ብረት የምንፈርምበት ቁልፍ ነው። ፊርማው «የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይላል እንጂ «ዛሬም አምነዋለሁ» አይልም። ቆዳው ላይ የሚያበቃበት ሰዓት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ገበያው ሳይደርስ ተራ ቁራጭ ሆኖ ይቀር ነበር።

ምነው፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ። ይሁኔ… ቶከኑን ዓመት አድርገኸዋል እንዴ? ሳትጠይቀኝ? መቼ?

ሰኞ! በስመአብ! ክሊኒኩ ያን የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ የበሽተኞች ምስጢር እየሸጠ አግኝቶ ያባረረው ማክሰኞ አይደለም እንዴ? ሰውየው እኮ ዓመት ሙሉ የሚከፍት ቶከን ይዞ ነው የወጣው! የስንቱ ሕመም እጁ ላይ ነው!

ተነስ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ! የምንፈርምበትን ቁልፍ አሁኑኑ እንለውጥ። በአሮጌው ቁልፍ የተፈረመ ቶከን ሁሉ ይክሸፍ፤ ሠራተኛው እንደገና ይግባ። ይማረር! ብቻ አንተ ቀድመህ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ክፈትና፣ ሰውየው ከማክሰኞ ወዲህ ገብቶ እንደሆነ እየው። እኔ እስከዚያ ቁልፉን ልለውጥ።