የሚዳቋ ሩጫና የጃርት ቃል

ተጠጉ፣ ተጠጋጉ። ተቀባይ የሌለው ተረት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እኔ «ነበር» ስል እናንተ «ከዚያስ?» በሉኝ። የሚተኛ ካለ ከአሁኑ ይተኛ፤ መሐል ላይ የሚያንኮራፋብኝን አልወድም።

ድሮ፣ ድንጋይ ሲናገር ማንም በማይደነግጥበት ዘመን፣ አንድ ምንጭ ነበር። ክረምት ክረምት ለሁሉ ይበቃል። በጋ ሲገባ ግን ውኃው ይጎድላል፤ ቀድሞ የደረሰ የጠራውን ይጠጣል፣ ኋላ የደረሰ ጭቃውን ይጠጣል። በዚህ የተነሳ የሜዳ አውሬዎችና የቁጥቋጦ አውሬዎች ሲጣሉ ኖሩ፤ በመጨረሻም ተቀምጠው ሕግ አወጡ። በየዓመቱ በጋ ሲጀምር ከዝግባው ኮረብታ እስከ ምንጩ ሩጫ ይደረግ፣ ያሸነፈው ወገን በጋውን ሙሉ ቀድሞ ይጠጣ ተባለ።

ሕጉ ጥሩ ነበር። ችግሩ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሰጎን መሆኑ ነው። ሰጎን የሜዳ ወገን ነው፤ እግሩ ረጅም፣ አንገቱ ረጅም፣ ኩራቱ ደግሞ ከሁለቱም የረዘመ። እሱን ተከትሎ ቀንደ ረጅሙ ሳላ ይገባል፤ እሱም የሜዳ ወገን ነው። የቁጥቋጦ ወገን በጋ በመጣ ቁጥር ጭቃ ይጠጣ ነበር።

አንድ ዓመት የቁጥቋጦዎቹ ሚዳቋን አሰለፉ። ልጅ እግር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ዓይን አፋር ናት። የሁሉንም አቧራ ቅማ፣ ከሁሉም ኋላ ገባች። ማንም አልተቆጣትም፤ ከእሷ የጠበቀ አልነበረምና።

በሁለተኛው ዓመት ጉድ ተሰማ። ግማሽ መንገድ ላይ ሚዳቋ ከመሪዎቹ ጋር ታየች። ያን ቀን ደጋፊ ተወለደ። ደጋፊ ማለት፣ ልጆቼ፣ ሳይሮጥ የሚደክም ፍጡር ነው። ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና «አሁን ውጪ» አለቻት፤ ሚዳቋ ወጣች። ትንሽ ራቅ ሲሉ ከርከሮ «አሁን» አላት፤ ፈጠነች። ደግሞ ጥንቸል «አሁን» አለቻት፤ ጨመረች። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ እውነተኛው «አሁን» ሲመጣ ጉልበቷ አልቆ ነበር። ሰጎን አለፋት፣ ሳላ አለፋት፣ ሦስተኛ ሆና ገባች።

በዚያ ቀን ከምንጩ ዳር አንድ ጃርት ትንሿን ልጁን ይዞ ቆሞ ነበር። እሾኋ ገና ያልጠነከረ፣ ጭቃ ውኃ ሆዷን የሚያማት ልጅ ናት። ጃርት ሚዳቋ ከፊት መሆኗን ሲሰማ «ዘንድሮ የጠራ ትጠጫለሽ» ብሏት ነበር። ልጅቷ አመነችው፤ ከዚያም ድፍርሱን ጠጥታ ሆዷን ይዛ ተኛች። ጃርት ልጁን እያየ ከእንግዲህ ተስፋ አላደርግም ብሎ ማለ።

ከዚያስ? በሉኝ እንጂ።

ከዚያማ ሦስተኛው ዓመት ሲቃረብ የቁጥቋጦ ወገን በሚሰበሰብበት ግራር ጥላ ሥር ክርክር ተነሳ። መጀመሪያ የተናገረችው እመት ጦጢት ናት፤ እሷ ሳትናገር ፀሐይም አትወጣም።

«በመጀመሪያው ዓመት ጭራ ነበረች» አለች። «አምና ሦስተኛ ወጣች። ዘንድሮ አንደኛ ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማችሁም?»

«ሰምቻለሁ» አለ ጃርት። «ግን ከታች ወደ መሐል መውጣትና ከመሐል ወደ ራስ መውጣት አንድ አይደለም። ከታች የሚያልፉት የደከመውን ነው፤ ላይ ያለው ደግሞ አይደክምም። ልጅቷ አጨራረስ የላትም። ሰጎን ከመታጠፊያው በኋላ ሌላ እግር ያወጣል፤ እሷ ያንኑ እግሯን ይዛ ትቀራለች። ሁለተኛ ትሆናለች፤ ከዚያ አታልፍም።»

ጦጢት «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብላ አሾፈችበት። እሱም የእናንተ ወሬ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብሎ መለሰላት። ከርከሮ ወደ ጦጢት አደላ፣ ጥንቸል መሐል ሰፈረች። ክርክሩ ከሩጫው መንገድ ረዘመ። ሚዳቋን ራሷን ምን ታስቢያለሽ ብሎ የጠየቃት ግን አንድም አልነበረም።

እሷ ሁሉንም ሰምታለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጃርት ጉድጓድ ሄደችና የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ካለው ቋጥኝ ላይ እንዲቆምላት ለመነችው። ጃርት ተገረመ። አታሸንፊም ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ አላት።

«ለዚህ ነው የመረጥኩዎት፣ አያ ጃርት» አለች። «ከኋላ የሚሮጥ የሚያየው ጀርባ ነው፤ ጀርባ ደግሞ ድካም አይናገርም። ቋጥኙ ላይ የቆመ ግን የሰጎንን ፊት ያያል። ምንቃሩን ከከፈተ ደክሟልና ‹አሁን› ይበሉኝ። ካልከፈተ ዝም ይበሉ። ሌሎቹ ስለሚወዱኝ ሁልጊዜ ‹አሁን› ይሉኛል። እርስዎ እውነት ካልሆነ አይሉም።»

ጃርት እሺ አለ። ሌሎቹም ዝም እንዲሉ ተማጸነቻቸው፤ ጦጢት ሳትቀር እያጉረመረመች ተስማማች።

የሩጫው ቀን ጃርት ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ቆመ። አቧራው ቀረበ፤ ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ ሰጎን ወጣ፣ ከእሱ ኋላ ሚዳቋ ወጣች። የሰጎን ምንቃር ተከፍቷል፣ ምላሱ ወጥቷል። ጃርት አየ። አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን አልወጣም።

እንዴት አልወጣም ትሉኛላችሁ። በዚያች ቅጽበት ጃርት ፊት ድቅን ያለችው ልጁ አልነበረችም፤ ግራሩ ነበር። ጦጢት ከቅርንጫፉ ላይ ስትስቅበት ታየችው፤ «አያ ጃርት ተሳሳተ» ስትል ሰማት። እሾሁ ሁሉ ቆመ፣ ምላሱ ግን ተኛ። «አሁን» ሲል ሚዳቋ ቋጥኙን አልፋ ነበር። ያም ሆኖ ሰማችና ተፈተለከች። ሰጎን በአንገት ቀደማት፤ ረጅም አንገት ለዚህም ይጠቅማል።

የቁጥቋጦ ወገን አዘነ፤ ካዘነም በኋላ ወደ ጃርት መጣ። ሁለተኛ ትሆናለች ብሎ ነበር፣ ሆነች፤ ይህ ነቢይ ነው አሉ። ጦጢት ሳትቀር ይቅርታ ጠየቀችው። ሁሉም አመስግነውት ሲሄዱ ጃርት ብቻውን ቀረ።

«አፍህ ተከፍቶ ነበር» አለው ቋጥኙ ከሥሩ።

ጃርት አቧራው ነው፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው እያለ ሊያስተባብል ሞከረ።

«እኔ ዝም ያልኩት ድንጋይ ስለሆንኩ ነው» አለው ቋጥኙ። «አንተስ?»

ጃርት ከቋጥኙ ላይ ወርዶ ወደ ምንጩ ሄደ። የሜዳ አውሬዎች ጠጥተው፣ ረግጠው፣ አደፍርሰው ሄደዋል። ልጁ ከጭቃው ተጎነጨችና ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ሁሉም ልክ ነበርክ ይሉሃል» አለችው። «ልክ ከሆንክ ለምን ጭቃ እንጠጣለን?»

በዚያ በጋ ልጅቷ ብዙ ታመመች። ጃርት አጠገቧ ተቀምጦ ሲያስታምም ከረመ፤ መንገድ ላይ ነቢዩ ብለው የሚጠሩትንም እየሸሸ ኖረ። አፍሮ ነበር፤ እፍረቱን የሚያካፍለው ከቋጥኙ በቀር ወዳጅ አልነበረውም።

አራተኛው ዓመት ደረሰ። ከግራሩ ጥላ ሥር ሁሉም ተሰብስቦ ነቢዩ ምን ይላል ብሎ ጠበቀ። ጃርት «አላውቅም» አለ። ያ ግራር ከበቀለ ጀምሮ ከሥሩ እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ጦጢት እንኳ ጭራዋን አከከች።

ሚዳቋ እንደ አምናው ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጣች። ጃርት ገና ሳትናገር ሌላ ሰው ፈልጊ አላት። አምና ዘግይቻለሁ አለ፤ መዘግየቱም የጉሮሮ ሳይሆን የልብ ነው አለ። ይህን ሲናገር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አውቃለሁ» አለች ሚዳቋ። «ትንፋሽዎን ሲስቡ ሰምቻለሁ። ቃሉ ሳይመጣ ሲቀርም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወደ እኔ ትመጫለሽ?»

«እመት ጦጢት እንደሆነች ከዝግባው ጀምራ ትጮህብኛለች» አለች። «እርስዎ ግን ያቺ ዝምታ ምን እንዳመጣች በልጅዎ አይተዋል። ዘንድሮ አይዘገዩም።»

በሩጫው ቀን ጃርት ልጁን ይዞ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ግራሩ ሳይሆን እሷ እንድትታየው ከፊቱ አቆማት። አቧራው ቀረበ። ሰጎን ወጣ፣ ምንቃሩ ግጥም ብሏል። ጃርት ዝም አለ። ጦጢት ከዛፍ ላይ በላት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ እያለች ቅርንጫፉን ነቀነቀች። ጃርት ዝም አለ። ሰጎን መታጠፊያው ላይ ደረሰ፤ ምንቃሩ እንደተገጠመ ነው። ጃርት አሁንም ዝም አለ። መታጠፊያውን ሊጨርስ ሲል የሰጎን ምንቃር ገርበብ አለ፤ ሣር የሚያሾልክ ያህል ብቻ።

«አሁን» አለ ጃርት።

እሾሁ ሁሉ አብሮት ተንኳኳ። ሚዳቋ ያን ቃል አምና የሰማችው ካለፈች በኋላ ነበር፤ ዘንድሮ በጊዜው ሰማችው፣ የተናገረውንም አመነችው። ያቆየችውን ጉልበት ሁሉ አወጣች። ሰጎን አንገቱን ሲዘረጋ እሷ እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ነበረች።

የቁጥቋጦ ወገን ዘሎ ጨፍሮ ሲደክመው ለመጠጣት ተሰለፈ። ጦጢት ጃርትን አልማረችውም፤ ከሁለተኛ አታልፍም ያልከው ቃል የት ደረሰ ብላ ነዘነዘችው።

«ወደቀ» አለ ጃርት። «ይውደቅ።»

ሚዳቋ የጃርትን ልጅ ጠርታ ቅድሚያ ሰጠቻት። ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ ከዚያም ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ክረምት በጎርፍ ድፍርስ፣ በጋ ጭቃ ነውና ከተወለደች የጠራ ውኃ አይታ አታውቅም።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጃርት አለች» አለች።

ጃርት አጠገቧ ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለት ጃርቶች ከታች ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ትልቁ እያለቀሰ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቁጥቋጦው ሰፈር የሚከራከር ሁሉ፣ ድምፁ ከፍ ሲል እንዲህ ይባላል፦ «ቃሌ ይቁም ያለ፣ ልጁን ድፍርስ አጠጣ።»

እኔ ጨረስኩ። ተረቴን መልሱልኝ፣ ጉሮሮዬን አርሱልኝ፤ ከጠራው ቅዱልኝ እንጂ።